ጊታር ገጣጥሞ መሥራት ቅንጦት ነውን?

ባለፈው የማኅበራችን ስብሰባ የወጣቶቻችን ጥያቄ ብዙ ሰው እንዳነጋገረ ይታወሳል። ልጆቹ የጠየቁት ያለቀለት የኤሌክትሪክ ጊታር ይገዛልን ብለው አይደለም። አካሉን፣ አንገቱን፣ ፒክአፑንና መቃኛውን ከየቦታው መርጠን እንገጣጥም፤ ለዚህም የአዳራሹ የጓሮ ክፍልና መጠነኛ ገንዘብ ይፈቀድልን ነው ያሉት። ግማሹ ተሰብሳቢ አጨበጨበ፤ ግማሹ ደግሞ «ኧረ ጉድ ነው! ፋብሪካ ሊከፍቱ ነው እንዴ?» አለ። እኛም አቋማችንን ሳንገልጽ ማለፍ አልወደድንም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው ብራያን ሜይ እ.ኤ.አ. በ1963 ገና ተማሪ ሳለ የሚመኘውን ጊታር ለመግዛት አቅም ስላልነበረው፣ ከአባቱ ጋር ሆኖ እቤቱ መሥራት ጀመረ። አንገቱን ከአሮጌ የቤት ማሞቂያ ምድጃ ዙሪያ ከተነሣ እንጨት ጠረቡት፤ ነቀዝ የበላውን ቀዳዳ በክብሪት እንጨት ደፈኑት። ስፕሪንጉ ከአሮጌ ሞተር ብስክሌት የተፈታ ነው፤ አንገቱ ላይ ያሉት ነጠብጣቦች ከእናቱ የአዝራር ሣጥን የወጡ ናቸው። ሥራው ሁለት ዓመት ገደማ ፈጀ። በኋላም ኩዊን ከተባለው ባንድ ጋር ዓለምን የዞረው በዚሁ ጊታር ነው።

ኤሪክ ክላፕተን ግን ገንዘብ የቸገረው ሰው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1970 ናሽቪል ከተማ ስድስት ያገለገሉ የፌንደር ጊታሮች ገዝቶ ሦስቱን ለጓደኞቹ ሰጠ፤ ከቀሩት ከሦስቱ የተሻለ የተሻለውን ክፍል መርጦ አንድ ጥቁር ጊታር አስገጣጠመ። የፌንደር አንገት በሙጫ ሳይሆን በብሎን ስለሚታሰር መፍታቱና መግጠሙ አያስቸግርም። ያ ጊታር እ.ኤ.አ. በ2004 በጨረታ 959,500 ዶላር አወጣ።

ታዲያ ልጆቻችን ይህንን ሰምተው ውድ ውዱን ቢሰበስቡ ጊታር ይሆንላቸዋል ማለት አይደለም። ክሩ ከአንገቱ ጫፍ ተነሥቶ አካሉ ላይ እስከሚያርፍበት ብረት ድረስ ያለው ርዝመት በፌንደር 648 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በጊብሰን 628 ገደማ ነው። ፍሬቶቹ የሚደረደሩት ይህ ርዝመት ተሰልቶ ነው፤ 12ኛው ፍሬት ልክ መሐሉ ላይ ይውላል። የአንዱን አንገት ለሌላው በተለካ አካል ላይ ብረቱን ሳያዛውሩ ቢያስሩት፣ ክሩ ባዶውን ቢቃኝም ጣት ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ድምፁ ይሳሳታል። በመሆኑም አንዲት ብር ከመውጣቷ በፊት ልጆቹ ልኬቱን በወረቀት ያቅርቡ። እንጨቱም በደንብ የደረቀ ይሁን፤ እርጥቡ ይጣመማል። ያረጀ የዋንዛ ቁም ሣጥን ያለው ቤት ቢለግስ ይመሰገናል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ግን ሌላ ነው። የኤሌክትሪክ ጊታር ክር ጉርምርምታ እንዲቀንስ ሲባል ብዙውን ጊዜ ከአምፕሊፋየሩ ግራውንድ ጋር በሽቦ ይያያዛል። አምፕሊፋየሩ ብልሽት ካለበትና የግድግዳው ሶኬት ግራውንድ ከሌለው፣ ተጫዋቹ በጣቱ የያዘው ብረት ኤሌክትሪክ ሊሸከም ይችላል። ስኮትላንዳዊው ጊታር ተጫዋች ሌስ ሃርቪ እ.ኤ.አ. በ1972 ስዋንሲ ከተማ መድረክ ላይ እንዳለ፣ ግራውንድ ያልነበረው ማይክሮፎን ነክቶ ሞቷል። የእኛስ አዳራሽ? ጣሪያው ካፈሰሰ ወዲህ ሻይ የምታፈላልን እኅታችን ሶኬቱን በጨርቅ ይዛ እንደምትሰካ የማያውቅ አለ? ዝም ብለን ሻያችንን ስንጠጣ ከረምን እንጂ።

ስለዚህ አቋማችን ክፍሉ ይፈቀድ፣ የመጀመሪያው ገንዘብ ግን ለሶኬቱና ለግራውንዱ ይዋል የሚል ነው። ልምምዱም ከምሽቱ 2 ሰዓት እንዳያልፍ፤ ሕፃንና በሽተኛ ያለበት ቤት አለ። በሰፈራችን የምትኖሩ የኤሌክትሪክ ባለሙያዎችና አናጢዎች በሚቀጥለው ስብሰባ መሣሪያችሁን ይዛችሁ ብትመጡ፣ ክፍሉን አብረን እናያለን።