ስለ ተማሪ ቦርሳ፤ ይልቁንም ቁመቷ አጠር ስላለ ተማሪ

ላፕቶፕ የተባለው መሣሪያ ከመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ተነሥቶ በተማሪ ጀርባ ላይ ከወጣ ወዲህ፣ የቦርሳ ነገር የንግድና የጌጥ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የጤና አጠባበቅም ጉዳይ ሆኗል። በዚህ ወር አሳባችንን ለወላጆችና ለመምህራን ልናቀርብ የወደድነው ቁመቷ አጠር፣ ትከሻዋም ጠበብ ላለ ተማሪ ስለሚስማማው ቦርሳ ነው። ግዙፍ ሰውነት ያለው ልጅ ልኩ ያልሆነ ቦርሳ ቢያነግት ሰውነቱ ይችልለት ይሆናል፤ እርሷ ግን ድካሙን በየቀኑ ትከፍላለች።

በብዙ ቤት እንደሚታየው ለልጅ ዕቃ ሲገዛ «ታድግበታለች» ተብሎ ሰፋ ያለው ይመረጣል። ይህ ቁጠባ ለደንብ ልብስ ሲሆን የሚያስመሰግን ነው፤ የረዘመ ቀሚስ ይታጠፋል፣ እጅጌም ይጠቀለላል። ቦርሳ ግን አይታጠፍም። ከዚህም በላይ ሰፊ ቦርሳ ጎዶሎ ሆኖ አይቀርም፤ ቦታ እስካለ ድረስ ሹራቡም፣ ያለፈው ዓመት ደብተርም፣ የማይነበበው መጽሐፍም ይከማችበታል። ደግሞስ ቁመቷን ጨርሳ ኮሌጅ የገባች ተማሪ ምን ታድግበታለች? ስለዚህ ለእንዲህ ያለች ተማሪ የቦርሳ ትንሽነት ተፈልጎ የሚገዛ መልካም ጠባይ እንጂ በግድ የሚቻል ጉድለት አይደለም እንላለን።

የቦርሳው ምርጫ የሚጀምረው ከላፕቶፑ ነው። የመሣሪያው መጠን በኢንች ሲነገር የመስተዋቱ ርዝመት ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ተለክቶ ነው እንጂ የመሣሪያው ወርድ አይደለም። 15.6 ኢንች የሚባለው ወርዱ 36 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ 13 ወይም 14 ኢንች የሚባለው ከ30 እስከ 32 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የፊተኛውን የያዘ ቦርሳ በጠባብ ጀርባ ላይ ሲወጣ በግራና በቀኝ ይተርፋል፤ በታክሲና በአውቶቡስ ግፊያም ከሰው ጋር ያጋጫል። አነስተኛው ግን ጭን ላይ ይቀመጣል፤ መንገደኛው ሲበዛም ወደ ደረት ዞሮ ይታቀፋል። ስለዚህ ወደ ገበያ የሚሄድ ሰው የመሣሪያውን ወርድና ቁመት በሜትር ለክቶ በወረቀት ይዞ ይሂድ፤ ቦርሳው ላይ የተጻፈውን ኢንች ብቻ አይመን።

ስለ ክብደቱ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። በልዩ ልዩ አገር ያሉ የጤና ባለሙያዎች ሸክሙ ከተማሪው ክብደት ከመቶ 10 ወይም 15 እጅ እንዳያልፍ ይመክራሉ፤ የሕንድ መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው የተማሪ ቦርሳ መመሪያ ከመቶ 10 እጅን ወሰን አድርጓል። እንግዲህ 40 ኪሎ የምትመዝን ተማሪ ድርሻዋ 4 ኪሎ ነው። ላፕቶፑ 2.2 ኪሎ፣ ቻርጀሩ ግማሽ ኪሎ፣ ወፍራሙ ቦርሳ ራሱ 1.1 ኪሎ ቢመዝን ድምሩ 3.8 ኪሎ ሆነ። ለደብተሯ፣ ለምሳ ዕቃዋና ለውሃዋ የቀረላት 200 ግራም ብቻ ነው፤ አንድ ሊትር ውሃ ግን ብቻውን 1 ኪሎ ነው! ላፕቶፑ 1.3፣ ቻርጀሩ 0.3፣ ቦርሳውም 0.5 ኪሎ ቢሆን ኖሮ 1.9 ኪሎ ይተርፍላት ነበር። 60 ኪሎ የሚመዝነው ወንድሟ በዚያው ትልቅ ቦርሳ ገና 2.2 ኪሎ ይቀረዋል። ለእርሱ የተስማማ ቦርሳ ለእርሷም ይስማማል ማለት እንግዲህ የሒሳብ ስሕተት ነው።

በዚህ ነገር ማጋነን አንወድም። እ.ኤ.አ. በ2018 በእንግሊዝ አገር የስፖርት ሕክምና መጽሔት የታተመ አንድ ጽሑፍ 69 ጥናቶችን መርምሮ፣ የተማሪ ቦርሳ ለጀርባ ሕመም ምክንያት ነው የሚያሰኝ አሳማኝ ማስረጃ አላገኘም። ስለዚህ «አከርካሪዋ ይጣመማል» እያሉ ልጅን ማስፈራራት አይገባም። ነገር ግን ወደ ፊት ጎንበስ ብላ የምትራመድ፣ ማንገቻው ትከሻዋን እያቀላ ጣቷን የሚያደነዝዛት፣ ክፍል ስትደርስም ከትምህርቱ በፊት የደከመች ተማሪ በዓይን የምትታይ ናት፤ እርሷን ለማሳረፍ ሌላ ማስረጃ የሚያሻ አይመስለንም።

ልኩ እንዲህ ይገኛል፤ ተማሪዋ አንገቷን ስታቀረቅር ከአንገቷ ሥር ጎልቶ ከሚወጣው አጥንት ጀምሮ እስከ ዳሌዋ አጥንት አናት ድረስ በሜትር ይለካ። 40 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የቦርሳው ቁመት ከዚያ አይለፍ፤ ወርዱም ከትከሻዋ አይውጣ። እናቶቻችን ልጅ በአንቀልባ ሲያዝሉ ከፍና ጠበቅ አድርገው ነው፤ ልጁ ወደ ታች ሲንሸራተት ቆም ብለው ያስተካክሉታል፤ ከወገብ በታች የሚወዛወዝ ሸክም ከክብደቱ በላይ እንደሚከብድ ያውቁታልና። ቦርሳም እንዲሁ ነው። ላፕቶፑ ከጀርባዋ አጠገብ ባለው ኪስ ይግባ፤ ማንገቻው ሰፋ ያለና ስፖንጅ ያለበት፣ እስከ መጨረሻ የሚያጥር ይሁን። ብዙ ማንገቻ ለረጅም ሰው ተሰፍቶ ስለሚመጣ በአጭር ሰው ላይ አጥሮ አጥሮ አይበቃም፤ ይህ ሱቅ ውስጥ በማንገት እንጂ በማየት አይታወቅም። በጠባብ ትከሻ ላይ ማንገቻው ወደ ውጭ ስለሚንሸራተት ደረት ላይ የሚያያዝ መቆለፊያ ያለው ይመረጣል። እንስራ የሚያዝሉ ሴቶች ገመዱን በደረታቸው በኩል ማሠራቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

ስለ ውበቱ ግን ከአንዳንድ ወላጆች ጋር አንስማማም። «ትምህርት እንጂ ጌጥ ምን ያደርግላታል?» ይላሉ። እኛ ደግሞ የምታፍርበትን ቦርሳ ተማሪዋ በደንብ አታነግተውም እንላለን፤ በአንድ ትከሻዋ ታንጠለጥለዋለች፣ ወይም ትታው ላፕቶፑን በፌስታል ትይዛለች። ደስ የሚላት ቀለም የጤናው አንድ ክፍል ነው። ፌልራቬን የተባለው የስዊድን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1978 «ኮንከን» የተሰኘውን ቦርሳ ያወጣው የተማሪዎች የጀርባ ሕመም አሳስቦት ነበር፤ 16 ሊትር የሚይዝ፣ ቁመቱ 38 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱም 300 ግራም ያህል ነው። ዛሬ በብዙ አገር ወጣቶች ለጌጥ ይይዙታል፤ መጀመሪያ ለጀርባ ታስቦ እንደ ተሠራ ማን ያስታውሳል? የጥንቱ ዓይነት ማንገቻው ቀጭን ስለ ሆነ ስፖንጅ የተጨመረበት የላፕቶፑ ዓይነት ይሻላል። ዋጋው ለብዙ ቤት የማይደፈር ነውና እርሱን ግዙ አንልም፤ ልኩን አስታውሶ በመርካቶ የሚመስለውን መፈለግ ይቻላል። የአገራችንን የቆዳ ሥራ እናደንቃለን፤ ነገር ግን ወፍራም የቆዳ ቦርሳ ባዶውን ብዙ ስለሚመዝን ለዚህች ተማሪ ሸራ ወይም ናይሎን እንመርጣለን። ሸራ ለመታጠብም ይመቻል፤ የምሳ ዕቃ ፍርፋሪና ወጥ የነካው ገበር በየሁለት ሳምንቱ ተገልብጦ ቢታጠብ ሽታም ነፍሳትም አይኖሩበትም።

ትልቁ ላፕቶፕ አስቀድሞ ተገዝቶ እንደ ሆነስ? ያን ጊዜ ቤት ይቀመጥ፤ የቤት ሥራው በፍላሽ ይሂድ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ በአንድ ዴስክ የሚቀመጡ ሁለት ተማሪዎች መማሪያ መጽሐፍ ተከፋፍለው ቢያመጡ ሸክሙ በግማሽ ይቀላል፤ ይህን ግን መምህሩ ካልፈቀደ ልጆቹ አይደፍሩትም። የጃፓን የትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2018 አንዳንድ መጻሕፍት በትምህርት ቤት እንዲቀመጡ መክሮ ነበር፤ በእኛም ዘንድ ቁልፍ ያለው አንድ ቁም ሳጥን ለአንድ ክፍል ብዙ ወጪ አይደለም።

መምህራንን የምንለምነው፣ በአንድ ሰኞ ጠዋት የክፍሉን ቦርሳዎች ሁሉ እንዲመዝኑ ነው። ትንንሾቹን ብቻ ለይቶ ማሳፈር አይገባም፤ የሁሉም ይመዘን፤ ከተማሪው ክብደት ከአሥር አንዱን እጅ ያለፈው ለወላጅ በሚላከው ደብተር ይጻፍ። ሚዛን የሌለው ትምህርት ቤት በአቅራቢያው ካለ ባለ ሱቅ ለአንድ ጠዋት ቢዋስ የሚከለክለው አይኖርም።