ከጀልባው በፊት ተሳቢው

በዚህ ቡለቲን ላይ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ስለ ፕሬስ ነፃነት፣ ስለ ፍቅርና ስለ ካፌው ወጥ ነው። እኔ ዛሬ የምጽፈው ስለ ጀልባ ነው። አትሳቁብኝ! ለእናንተ ጀልባ የሽርሽር ነገር ሊሆን ይችላል፤ እኛ ቤት ግን በዚህ ክረምት የእማዬን እንቅልፍ የነሳ ጉዳይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያደግሁት ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ነው። ታላቅ ወንድሜና አራት ጓደኞቹ ለዓመታት ዕቁብ ጥለው ያጠራቀሟት ገንዘብ አለች። በእሷ ላይ ብድር ጨምረው ጀልባ ሊገዙ ነው። ሰው ወደ ገዳማቱ ሊያመላልሱ፣ የመጣውን እንግዳ ደግሞ አባይን ሊያሳዩ አስበዋል። አምስቱም ዓይናቸውን የጣሉት ሃያ ሰው በሚይዝ፣ ጣሪያ ባለው፣ በላሜራ በተሠራ አሮጌ ጀልባ ላይ ነው። «ትልቅ ከሆነ ትልቅ ያስገባል» ይላል ወንድሜ። እኔ ደግሞ ቡና ላይ «የለም ጋሼ፣ ትንሽ ግዙ፤ በተሳቢ ተጭና ከውሃ የምትወጣ ግዙ» አልሁ። «አንተ የምትማረው ጋዜጠኝነት ነው ወይስ ካፒቴንነት?» ተብዬ ተሳቀብኝ። እዚያ ያላስጨረሱኝን እዚህ ልጨርስ።

መጀመሪያ፣ ስለ ጭነት። አሥረኛ ክፍል እያለሁ ከዘጌ ስንመለስ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሣ። ጀልባዋ ሞልታለች፤ የሕይወት አድን ጃኬት የደረሰው ለግማሹ ሰው ብቻ ነበር። ማዕበሉ በጎን እየገባ እግራችን ድረስ ውሃ ቆመ። ሴቶቹ «ኪዳነ ምሕረት ድረሽልን» ሲሉ፣ እኔ የማስታውሰው ነጂው ዝም ማለቱን ነው። በሰላም ደረስን። ታዲያ ያን ቀን ሞተሩ አልተበላሸም፤ ጀልባዋም አልተሰበረችም። ጥፋቱ ከመሳፈራችን በፊት፣ ሰው ሲቆጠር የተሠራ ነው።

ለትንንሽ ጀልባዎች የታወቀ ቀላል ስሌት አለ። የጀልባዋን ርዝመትና ስፋት በጫማ ለክታችሁ ታባዛላችሁ፤ ከዚያ ለ15 ታካፍላላችሁ። 16 ጫማ ርዝመትና 6 ጫማ ስፋት ያላት (አምስት ሜትር ገደማ መሆኗ ነው) 96 ይመጣል፤ ለ15 ሲካፈል ስድስት ሰው፣ ነጂውን ጨምሮ። ይህም አየሩ መልካም ሲሆን ነው። እንግዲህ «ስንት ሰው ይይዛል?» ለሚለው መልሱ «ስንት ወንበር አለው?» አይደለም ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ሆዷ ቅርጽ። ጣና ከ3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ሐይቅ ነው፤ ጥልቀቱ ግን በጣም ጥልቅ በሆነበት ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ነፋስ ሲመታው ማዕበሉ አጭር፣ ቀጥ ያለና ቶሎ ቶሎ የሚመጣ ይሆናል። ሆዷ ጠፍጣፋ የሆነ ጀልባ ለወንዝና ለዳርቻ ጥሩ ናት፤ ትንሽ ውሃ ይበቃታል፣ ሰው ሲነሣ ሲቀመጥም ብዙ አትወዛወዝም። ማዕበል ላይ ግን ጥፊ እንደሚመታ እጅ ነው የምትንጓጓው። ሆዷ በጣም ሾል ያለው ደግሞ ማዕበሉን እየሰነጠቀች ትሄዳለች፤ ነገር ግን ጥልቅ ውሃ ትፈልጋለች። ጉማራና ርብ ደለል ይዘው በሚገቡበት በኩል ከመሬት ጋር ትሳሳማለች። ስለዚህ ሐይቅም ወንዝም ለሚል ሰው የሚሻለው መካከለኛው ነው፦ ከፊት ሾል ያለ፣ ወደ ኋላ እየተዘረጋ የሚሄድ፣ ጎኑም ከፍ ያለ።

ሦስተኛ፣ ስለ ሞተር። ይኼኛው ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነው። ወረቀቱ ላይ «40 የፈረስ ጉልበት» የሚለው በባሕር ወለል ላይ ሲለካ ነው። የተለመደ የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትር ከፍታው ሦስት ከመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ አየሩ ስለሚሳሳ። ጣና ያለው 1,800 ሜትር አካባቢ ነው። እናም 40 የተባለው ጣና ላይ 33 ገደማ ሆኖ ይገኛል። ከባዱን የላሜራ ጀልባ በዚያ ሞተር ልንዳ ማለት ነዳጅ ማቃጠል ነው። ነዳጁ ላይ ደግሞ የቆየ ደንብ አለ፦ ሲሶው ለመሄጃ፣ ሲሶው ለመመለሻ፣ ሲሶው ለክፉ ቀን።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ፣ ወደ ተሳቢው ልምጣ። አምስት ሜትር ርዝመት ያላት ክፍት የአሉሚኒየም ጀልባ ከእነሞተሯ፣ ከእነነዳጇና ከእነተሳቢዋ ወደ 650 ኪሎ ገደማ ብትመዝን ነው። ይህን ተራ ፒካፕ ይጎትተዋል። የላሜራውን ትልቅ ጀልባ ግን አንዴ ውሃ ከገባ በኋላ ለማውጣት ክሬን ወይም መንደር ሙሉ ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ አይወጣም። የማይወጣ ጀልባ ሆዱ አይታይም፤ ዝገቱ አይታይም፤ ብየዳው ሲለቅ የሚታወቀው ውሃ ሲገባ ነው።

የጣና ውሃም አንድ ቦታ አይቆምም። መስከረምና ጥቅምት ላይ ሞልቶ፣ ሰኔ አካባቢ ከአንድ ሜትር በላይ ይወርዳል። ባለ ተሳቢው ውሃው ወዳለበት ይሄዳል፤ ሌላው ጭቃ ላይ ተቀምጦ ዝናብ ይጠብቃል። ወንዙን በተመለከተም፣ አባይ ከጣና በሚወጣበት ላይ እ.ኤ.አ. በ1996 የተሠራው የጨረጨራ ግድብ አለ። ከግድቡ በታች ያለውን ወንዝ ልይ የሚል ጀልባውን በመኪና ዞሮ ማድረስ አለበት። እስከ ጢስ አባይ ፏፏቴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እርግጥ ያ ሁሉ ለጀልባ የሚሆን አይደለም፣ ረጋ ያለውን ክፍል ማለቴ ነው።

ሌላም አለ። በ2012 ዓ.ም ኮሮና ሲገባ፣ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ በክልላችን በተነሣው ግጭት ምክንያት ጎብኚ ሲመናመን፣ ወደቡ ላይ ሥራ ፈትተው የቆሙትን ጀልባዎች አይቻለሁ። ብድር ግን ሥራ አይፈታም። ትንሿ ጀልባ ክፉ ቀን ሲመጣ ግቢ ውስጥ በሸራ ተሸፍና ትቀመጣለች፤ ጠባቂ አትፈልግም፣ ውሃ አይበላትም።

ወንድሜ የሚለውን ደግሞ ማድበስበስ አልፈልግም። በአንድ ጉዞ ስድስት ሰው ብቻ መያዝ ገቢን ይቀንሳል፤ ልክ ነው። አሉሚኒየም የሚበይድ ሰው እንደ ላሜራ በያጅ በየመንገዱ አይገኝም፤ ይሄም ልክ ነው። ተሳቢም የራሱ ጣጣ አለው። ከአጠቃላይ ክብደቱ ከ5 እስከ 10 ከመቶው ጋንቾው ላይ ማረፍ አለበት፤ ከዚያ ካነሰ መንገድ ላይ ጭራውን ይቆላል። የጎማው ኩሽኔታ ከረጅም መንገድ በኋላ እንደጋለ ውሃ ውስጥ ከተነከረ ውሃ ይስባል፤ ማብረድና ግራሶ መቀባት ያስፈልጋል።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ግን እምቦጭ ነው። አገራችን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1965 ቆቃና አዋሽ ላይ ታየ፤ ጣና ላይ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። አንዲት ቁራጭ ተክል በጀልባ ሆድ ወይም በተሳቢ ጎማ ላይ ተጣብቃ ወደ ሌላ ውሃ ልትሻገር ትችላለች። ስለዚህ ተሳቢ ያለው ሰው ግዴታም አለበት፦ ሲወጣ አረሙን መልቀም፣ የቀረውን ውሃ ማፍሰስ፣ ማጠብ፣ ሌላ ውሃ ከመንካቱ በፊት በደንብ ማድረቅ። ይህን የማያደርግ ባይገዛ ይሻላል።

ይህን ሁሉ ስል አዲስ ነገር ያመጣሁ እንዳይመስላችሁ። ሰፈራችን አንድ ታንኳ ያላቸው አዛውንት ነበሩ። በልጅነቴ ሁልጊዜ ማታ ማታ የደንገል ታንኳቸውን ከውሃ አውጥተው ዳር ላይ ያቆሟታል። «አባባ፣ ለምን እዚያው አያስሯትም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ ውሃ የጠጣች ታንኳ ሰው አትሸከምም» አሉኝ። እኔ ተሳቢ የምለውን እሳቸው በትከሻቸው ይሠሩት ነበር።

እማዬ የምትለው ሌላ ነው፤ «የገዛችሁትን ግዙ፣ ብቻ ነፋስ ሲነሣ እንዳትወጡ።» ጋሼ ደግሞ እስከ ጥቅምት እንወስናለን ብሏል። ይህችን ቡለቲን በፖስታ እልክለታለሁ። ስሌቱን በራሱ ሜትር ለክቶ ይሞክረው፤ ለሃያ ሰው የተባለው ጀልባ ስንት ሰው እንደሚወጣለት ይጻፍልኝ። ከተሳሳትሁ በሚቀጥለው እትም እዚሁ ገጽ ላይ አርማለሁ፤ ጋዜጠኝነት ያስተማረን እሱን አይደል?

ቸር ያሰንብተን።