የክረምት ጓሮና የቤተሰብ ማዕድ፦ ዝናብ ሲበዛ ምን ይለማል?

ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ባሉት ወራት አብዛኛው የኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ክፍል በዝናብ ይረሰርሳል። መስኩ ሁሉ ለምልሞ በሚታይበት በዚሁ ወቅት በከተሞች ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም መወደዳቸው ብዙዎችን ያስገርማል። ምክንያቱ ግን ስውር አይደለም። ለከተሞች የሚቀርበው ሽንኩርትና ቲማቲም በአመዛኙ በበጋ ወራት በመስኖ የሚመረት ነው። በመቂ፣ በባቱ፣ በላይኛው አዋሽና በፎገራ ሜዳ የሚገኙ አምራቾች ክረምት ሲገባ ማሳቸው በውኃ ይጨቀያል፤ የተክል በሽታም ይበረታባቸዋል። ሁለቱም ሰብሎች ለረጅም ጊዜ ለማከማቸት አይመቹም። በዚህ ላይ ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ የሚጾመው ጾመ ፍልሰታ የአትክልት ፍላጎትን ከፍ ያደርገዋል። የአቅርቦት ማነስና የፍላጎት መጨመር በአንድ ሰሞን ሲገናኙ ጫናው የሚያርፈው በሸማቹ ላይ ነው።

ይህ ሁኔታ የጓሮ አትክልት ልማትን ከትርፍ ጊዜ ሥራነት አውጥቶ የቤተሰብ ምግብ ጉዳይ ያደርገዋል። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲመገብ ይመክራል። በ2011 ዓ.ም. የተካሄደው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ በአገሪቱ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶ የሚሆኑት የመቀንጨር ችግር እንዳለባቸው አሳይቷል። በ2007 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የሰቆጣ ቃል ኪዳንም ይህን ችግር ለማስወገድ የታለመ ነው። መቀንጨር የንጹሕ ውኃ፣ የጤናና የእናቶች አመጋገብ ጉዳዮች ሁሉ የሚገናኙበት ችግር በመሆኑ በጓሮ ጎመን ብቻ አይፈታም። ሆኖም ለአንድ ሕፃን ሳህን ላይ ቅጠላ ቅጠል ዘወትር መገኘቱ ከመፍትሔዎቹ አንዱ ነው። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ወተትን፣ ዶሮና እንቁላልን፣ ማርንና ዓሣን ወደ ማዕድ ለማምጣት ሲሠራ፣ የጓሮ አትክልት ደግሞ የዚያኑ ማዕድ ሌላውን ጎን ይሞላል።

ፈተናው የውኃ ማነስ ሳይሆን የውኃ መብዛት ነው

በክረምት የሚጀመሩ ብዙ የጓሮ ሥራዎች የሚከሽፉት ዝናብ ስላለ ሁሉም ነገር ይበቅላል ከሚል እሳቤ ነው። የተክል ሥር ከውኃ ጋር አየርም ይፈልጋል። አፈሩ ለቀናት በውኃ ሲሞላ ሥሩ ይታፈናል፤ ቅጠሉም ይቢጫል። ከባድ ዝናብ በአፈር ውስጥ ያለውን የናይትሮጅን ንጥረ ነገር አጥቦ ወደ ታች ያወርዳል። በደመናው ምክንያት ቅጠል ላይ ያረፈው እርጥበት ቶሎ ስለማይደርቅ የሻጋታ በሽታዎች ይስፋፋሉ። ችግሩ ይበልጥ የሚጎላው ጥቁር የዋልካ አፈር ባለባቸው ግቢዎች ነው፤ ይህ አፈር ውኃን ይዞ ያቆያል እንጂ ቶሎ አያሰርግም።

በመሆኑም በክረምት ጓሮ የመጀመሪያው ሥራ ዘር መግዛት ሳይሆን መደብ ማዘጋጀት ነው። ከመሬት ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለና አንድ ሜትር ያህል ስፋት ያለው መደብ ከሁለቱም ጎን ሳይረገጥ መኮትኮትና ማረም ያስችላል። በመደቦቹ መካከል የሚወጣው ቦይ ውኃውን ወደ ታችኛው የግቢ ክፍል ማድረስ አለበት። ቦዩ ወደ ጎረቤት አጥር ወይም ወደ ቤት መሠረት እንዳያመራ አስቀድሞ ማየት ከኋላ ጸብና ከግድግዳ ጉዳት ያድናል። የመደቡን ገጽ በደረቅ ሣር በስሱ መሸፈን ደግሞ የዝናብ ጠብታ አፈሩን ወደ ቅጠል እንዳይረጭ ይከላከላል። የበሽታ አምጪ ተሕዋስያን ከአፈር ወደ ቅጠል ከሚሸጋገሩባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ርጭት ነው።

ይህ ዕውቀት ለአገሪቱ አዲስ አይደለም። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ትልልቅ ዛፎችን፣ እንሰትንና ቡናን በአንድ መሬት ላይ ደርቦ የሚያለማ ሥርዓት ነው። በዚያ ተዳፋት ላይ አፈሩ በከባድ ዝናብ ሳይታጠብ የኖረው መሬቱ ዘወትር በተክልና በቅጠል ስለሚሸፈን ነው። ትምህርቱ ለአነስተኛ የከተማ ግቢም ይሠራል፤ በክረምት ራቁቱን የተተወ አፈር ይጠፋል።

የሰብል ምርጫና የዘር ጊዜ

ለክረምት የሚስማሙት በዋናነት ቅዝቃዜና እርጥበት የሚችሉ ቅጠላ ቅጠሎችና ሥራ ሥሮች ናቸው። የአበሻ ጎመን ከእነዚህ ቀዳሚው ሲሆን ከተዘራ ከአምስትና ከስድስት ሳምንት በኋላ እያሳሱ መመገብ ይቻላል። በሰኔ መጀመሪያ የተዘራ ቆስጣ በነሐሴ መግቢያ ለመቀጠፍ ይደርሳል፤ ይህም ገበያው ከሚወደድበት ሰሞን ጋር ይገጥማል። ሰላጣም በተመሳሳይ ጊዜ ውስጥ የሚደርስ ነው። ቀይ ሥርና ካሮት ግን ከዚህ የበለጠ ጊዜ ስለሚወስዱ በሰኔ ከተዘሩ ምርታቸው የሚሰበሰበው ወደ መስከረም ነው። ካሮት ችግኙ ተነቅሎ ሲዛወር ሥሩ ስለሚበላሽ በቀጥታ በመደቡ ላይ መዘራት አለበት። ድንጋያማ መሬትም ሥሩ እንዲቀናጣ ያደርገዋል።

በአንጻሩ ቲማቲም በክረምት ለአነስተኛ ጓሮ አስቸጋሪ ሰብል ነው። ቅጠሉንና ፍሬውን እያጠቆረ የሚያበሰብሰው በሽታ በቀዝቃዛና እርጥብ አየር በጥቂት ቀናት ውስጥ ተክሉን ሊያጠፋው ይችላል። ይኸው በሽታ ድንችንም ያጠቃል። ስለዚህ ቲማቲም የሚሻ ቤተሰብ ሁለት አማራጭ አለው፤ አንደኛው ጥቂት ችግኞችን ዝናብ በማያገኛቸው፣ ፀሐይ ግን በሚደርስባቸው ጣራ ጠርዝ ሥር ማሳደግ ነው፤ ሁለተኛው ችግኙን በነሐሴ መጨረሻ አፍልቶ ዝናቡ ሲያባራ መትከል ነው። ሁለተኛው መንገድ ትዕግሥት ቢጠይቅም ኪሳራው ያነሰ ነው። ድንች ለመትከል የሚያስቡ ነዋሪዎች ደግሞ ከገበያ የተገዛ የምግብ ድንችን ለዘር ከመጠቀም ይልቅ በምርምር የወጡና በሽታውን የተሻለ የሚቋቋሙ ዝርያዎችን መጠየቅ ይገባቸዋል። በሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል የወጡት ጉዳኔና በለጠ ከእነዚህ መካከል ይጠቀሳሉ።

ዋነኛ ዝናባቸውን በበልግ የሚያገኙ የደቡብና የደቡብ ምሥራቅ ቆላማ አካባቢዎች ከዚህ የተለየ የዘር ጊዜ አላቸው። በእነዚህ አካባቢዎች የሚኖሩ ዜጎች ከላይ የተገለጸውን የወራት አቆጣጠር እንዳለ ሳይወስዱ የአካባቢያቸውን ባለሙያ ማማከር ይኖርባቸዋል።

ቅመማ ቅመምና አበባ

አነስተኛ ቦታ ላለው ቤተሰብ ከፍተኛ ጥቅም የሚሰጡት ብዙ ጊዜ ቅመማ ቅመሞች ናቸው፤ ጥቂት እግር በሶብላ፣ ኮሰረት ወይም የጥብስ ቅጠል የአንድን ቤት ፍጆታ በአብዛኛው ይሸፍናልና። ኮሰረትና የጥብስ ቅጠል ከቁራጭ ግንድ ስለሚባዙ ክረምት ለመትከል አመቺ ጊዜ ነው። ጤና አዳምና ጦስኝ ግን ሥራቸው በውኃ ሲተኛ ስለሚበሰብስ ከፍ ባለ ቦታ ወይም በቀዳዳ ዕቃ ውስጥ አሸዋ በተቀላቀለበት አፈር ቢተከሉ ይመረጣል። በዚህ ዘርፍ የወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከል በመዓዛማና በመድኃኒት ዕፅዋት ላይ ምርምር ያካሂዳል።

አበባ ለጓሮ ጌጥ ብቻ አይደለም። ዱባ ወንዴና ሴቴ አበባው የተለያየ በመሆኑ ፍሬ እንዲይዝ ንብ ያስፈልገዋል። በመደቡ ዳር የሚዘራ የሱፍ አበባ፣ ወይም ለመስከረም እንዲያብብ ሳይታረም የተተወ አደይ አበባ ንቦችን ይስባል። ጸረ ተባይ ኬሚካል አበባ ላይ መርጨት ግን ይህን ጥቅም ያጠፋዋል።

ጓሮ ለሌላቸው ነዋሪዎች

በጋራ መኖሪያ ቤቶች የሚኖሩ ዜጎች ከታች የተበሳ ባልዲ፣ ጀሪካን ወይም ጆንያ መጠቀም ይችላሉ። ለሰላጣና ለቆስጣ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ዕቃ ይበቃል። የኬሚካል ወይም የቀለም መያዣ የነበረ ዕቃ ግን ለምግብ ተክል አይሆንም። በጋራ ቅጥር ግቢ ላይ መደብ ለማውጣት የነዋሪዎችን ማኅበር ፈቃድ፣ በመንገድና በወንዝ ዳር ለማልማት ደግሞ የሚመለከተውን የአስተዳደር አካል ፈቃድ አስቀድሞ ማግኘት ያስፈልጋል።

ደኅንነቱ የተጠበቀ ምርት

በከተማ ግብርና ውስጥ ቸል ሊባል የማይገባው ጉዳይ የውኃና የአፈር ንጽሕና ነው። በአቃቂ ወንዝ ዳር በሚለሙ አትክልቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች በቅጠላ ቅጠሎች ውስጥ ከባድ ብረቶች መገኘታቸውን አመልክተዋል። ጀርምን በጥንቃቄ በማጠብ መቀነስ ይቻላል፤ ተክሉ በሥሩ የመጠጠውን ብረት ግን መታጠብ አያስወግደውም። ከፋብሪካ፣ ከጋራዥ ወይም ከፍሳሽ መስመር የሚወጣ ውኃ የሚያልፍበት ቦታ ለምግብ አትክልት አይመከርም። በዚህ ረገድ ክረምት መልካም ዕድል ይዞ ይመጣል፤ በአንድ ካሬ ሜትር ጣራ ላይ የሚወርድ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ውኃ ነው። 40 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ጣራ በአንድ ከባድ ዝናብ 10 ሚሊ ሜትር ቢያገኝ እስከ 400 ሊትር ሊሰበሰብ ይችላል። ይህ ውኃ ክዳን ባለው ዕቃ ከተቀመጠ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ለመስከረምና ለጥቅምት መደቦች ይውላል።

ትኩስ ፍግ በጥሬው በሚበሉ ቅጠሎች ላይ መጠቀም ለበሽታ ያጋልጣል፤ በሚገባ የበሰለ ብስባሽ ግን ለአፈሩም ለተመጋቢውም ይበጃል። ክሽክሽ ሲታይ በቅድሚያ በእጅና በውኃ ማስወገድ፣ ቀንድ አውጣንም ማታ ማታ መልቀም ለአነስተኛ ጓሮ ይበቃል። ኬሚካል መጠቀም ግድ ከሆነ በመያዣው ላይ የተጻፈው በርጭትና በምርት መሰብሰብ መካከል ያለው የቀናት ልዩነት መከበር አለበት።

ዘርና የባለሙያ አገልግሎት

በገበያ ላይ የሚገኘው የተሻሻለ የአትክልት ዘር በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው። ገዢዎች የታሸገ መሆኑን፣ የማብቂያ ጊዜውንና የዝርያውን ስም ማረጋገጥ ይኖርባቸዋል። ከዲቃላ ዝርያ የተሰበሰበ ዘር በቀጣዩ ዓመት የእናት ተክሉን ባሕርይ ይዞ አይበቅልም። የአበሻ ጎመንና ድንብላል ግን ጥቂት ጠንካራ ተክሎች እንዲያብቡ በመተው የራስን ዘር ለማስቀረት ያስችላሉ፤ ይህም የከርሞውን ወጪ ይቀንሳል።

በገጠር ቀበሌዎች የግብርና ልማት ሠራተኞች፣ በከተሞች ደግሞ የከተማ ግብርና ሥራን የሚመሩ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች የምክር አገልግሎት ይሰጣሉ። በአዲስ አበባ ይህን ሥራ የሚያስተባብረው የከተማ አስተዳደሩ የአርሶ አደርና ከተማ ግብርና ልማት ኮሚሽን ነው። ለምክር የሚሄዱ ነዋሪዎች የቦታቸውን ስፋት፣ በቀን ፀሐይ የሚያገኝበትን ሰዓትና ውኃ የሚተኛበትን ክፍል ለይተው ቢቀርቡ፣ በሽታ ከታየም የተጎዳውን ቅጠል በላስቲክ ይዘው ቢሄዱ ለጓሯቸው የሚስማማ ምላሽ ያገኛሉ።

ጓሮ ገበያን አይተካም። አንድ ቤተሰብ የዓመት ሽንኩርቱን ከግቢው አያገኝም፤ በክረምት ቲማቲም ለማምረት የሚደረግ ትግልም ብዙውን ጊዜ ያከስራል። ከጓሮው ሊያገኝ የሚችለው የዕለት ቅጠላ ቅጠልና ቅመም ነው፤ እነዚህን የሸፈነ ቤት ለአትክልት ያሰበውን ገንዘብ ከገበያ ብቻ ለሚገኘው ነገር ያውለዋል። ለዚህ የሚያበቃው ደግሞ የመሬት ስፋት ሳይሆን ጊዜን መጠበቅ ነው። በሰኔ መደቡን ከፍ አድርጎ የዘራ በነሐሴ ይቀጥፋል፤ የገበያውን መወደድ አይቶ በነሐሴ ለመዝራት የሚነሣ ግን የሚደርስለት ውድነቱ ካለፈ በኋላ ነው።