የዘማቾቻችን ስም የት ነው የተጻፈው?

ይድረስ ለመጽሔቱ ዋና አዘጋጅ፤

የሚያዝያ 27 የድል በዓል በመጣ ቁጥር አራት ኪሎ ሐውልቱ ሥር የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል፤ ሜዳልያቸውን ደረታቸው ላይ የደረደሩ አባቶችና እናቶች በቴሌቪዥን ይታያሉ። ይገባቸዋል፤ ቢያንሳቸው እንጂ አይበዛባቸውም። ባለፈው እትማችሁ ስለ በዓሉ ያወጣችሁትንም ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። እኔ የምጽፍላችሁ ከአርበኞቹ በኋላ የዘመቱት የት ገቡ ብዬ ለመጠየቅ ነው። ኮሪያ የዘመተው፣ ካራማራ የወደቀው፣ በ1983 ከነመለዮው የተበተነው፣ ባድመ የቀረው የት ነው ያለው? እነዚህን ሰዎች የምናስታውሳቸው የላካቸው መንግሥት ወንበር ላይ እስካለ ድረስ ነው። መንግሥት ሲለወጥ የዘማቹም ስም አብሮ ይጣላል። የሠራዊቱ ቀን ራሱ እንኳ ቀድሞ የካቲት 7 ነበር፤ ዛሬ ጥቅምት 15 ሆኗል። የቀኑስ ይሁን፤ የሰዎቹ ስም ግን እንዲህ ሊዋልል አይገባም።

የአባቴ ታናሽ ወንድም የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር፤ በቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ዘምቷል። የመጀመሪያው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ ጅቡቲ ላይ መርከብ ተሳፍሮ፣ በዚያው ወር መጨረሻ ፑሳን ወደብ ደረሰ። ተኩስ እስከ ቆመበት እስከ ሐምሌ 1945 ድረስ ከ3 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን በተራ በተራ ዘምተዋል። ከ120 በላይ ሞተዋል፤ ከ500 በላይ ቆስለዋል፤ አንድም ሰው አልተማረከባቸውም። አጎቴ በደኅና ተመለሰ። ታኅሣሥ 1953 ላይ የመንግሥት ግልበጣው ሙከራ ሲከሽፍ ግን የክብር ዘበኛ የነበረ ሁሉ በጥርጣሬ ዓይን ይታይ ጀመር። ቃኘው ሲመሠረት የክብር ዘበኛ አዛዥ የነበሩት ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ ራሳቸው በዚያ ግርግር ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ከተገደሉት አንዱ ናቸው። ከዚያ ደርግ መጣ፤ ከፒዮንግያንግ ጋር ወዳጅ ሆነ፤ ደቡብ ኮሪያ ሄዶ መዋጋት አፍ ሞልተው የማይናገሩት ነገር ሆነ። የአጎቴ ሚስት ሜዳልያውን ጎተራ ውስጥ ደበቀችው። አጎቴም ዝም እንዳለ አረፈ።

ደቡብ ኮሪያውያን ግን ዝም አላሉም። ቹንቾን ከተማ ላይ ለኢትዮጵያውያን ዘማቾች ሐውልት አቁመዋል፤ ንጉሠ ነገሥቱም በ1960 ሄደው መርቀውታል። ፑሳን በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር በተባበሩት መንግሥታት ሥር ተሰልፈው የሞቱ ከ40 ሺህ በላይ ወታደሮች ስም በጥቁር ድንጋይ ላይ ተቀርጿል፤ የእኛዎቹም በየስማቸው አሉበት። አዲስ አበባ አፍንጮ በር ያለው መታሰቢያም በኋላ የመጣ ነው። ሌላም የምጨምረው አለ። አሜሪካዊው የጦር ታሪክ ጸሐፊ ኤስ. ኤል. ኤ. ማርሻል ስለ ፖርክ ቾፕ ኮረብታ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ የእኛን ወታደሮች የሌሊት ቅኝት በዝርዝር አስፍሮታል። ሰውየው ልማዱ ነበር፤ ውጊያው እንዳበቃ ወታደሮቹን ሰብስቦ ማን የት ነበር፣ ማን ቀድሞ ተኮሰ፣ ማን ቁስለኛውን ተሸከመ እያለ ይጠይቅ ነበር። እኛ አጎቴን ይህን ሳንጠይቀው ሠላሳ ዓመት አብረነው ኖርን።

አሁን ወደ ታላቅ ወንድሜ ልምጣ። ወንድም ጋሼ እለው ነበር። በሚያዝያ 1969 የእናት አገር ጥሪ ሲታወጅ ከአምባሰል ከገበሬ ማኅበራችን ከወጡት ሚሊሻዎች አንዱ ነው። ታጠቅ ጦር ሠፈር ገባ። እሱ ፊደል አልቆጠረም፤ ጓደኛው ጽፎለት አንድ ደብዳቤ ደረሰን፤ በደኅና እንዳለ፣ ጫማ እንደተሰጠው፣ በሬው እንዳይሸጥ የሚል። ጅጅጋ በሶማሊያ ጦር እጅ በወደቀችበት በመስከረም 1970 እሱ ሐረር አካባቢ እንደነበረ የሰማነው ኋላ ነው። የካቲት 26 ቀን 1970 ካራማራ ተይዞ ጅጅጋ ስትለቀቅ በሬዲዮ ሰምተን እልል አልን፤ እናቴም አብራ እልል አለች። ከዚያ በኋላ ወሬው ጠፋ። መርዶውን ያመጣው ወረቀት አልነበረም፤ ክንዱን ተመትቶ የተመለሰ የጎረቤት ልጅ ነው። አስከሬን የለ፣ ፎቶግራፍ የለ፤ ጋቢውንና በትሩን መካከል አስቀምጠን አለቀስን፤ ፍትሐቱም በክርስትና ስሙ ተደረገለት።

ዓመታት አልፈው እኔ መምህርት ከሆንኩ በኋላ እናቴን ለሕክምና አዲስ አበባ ወስጃት ነበር። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ ትግላችን ሐውልትን አሳየኋትና ለሶማሊያ ጦርነት ዘማቾች፣ ለእኛዎቹም ለኩባዎቹም፣ መታሰቢያ የቆመ መሆኑን ነገርኳት። «የእሱ ስም የቱ ጋ ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። እናቴ ስሙ የተጻፈበትን ቦታ ሳታይ ሞተች።

ደርግ በሌላው ነገር የሠራውን እናውቃለን፤ ያንን ለመሸፈን አልጽፍም። ነገር ግን ለሶማሊያው ጦርነት ሟቾች ልጆች ዓላጌ ላይ ሕፃናት አምባ ተቋቁሞ ነበር፤ ብዙ ወላጅ ያጡ ልጆች አድገውበታል፤ ተምረውበታል። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን የአባቶቻቸው አገልግሎት «የደርግ ወታደር» በሚል አንድ ስድብ ተጠቀለለ። ካራማራ የወጣውም፣ በ1975 ከታወጀው ብሔራዊ ውትድርና በኋላ ከገበያ ታፍሶ የተወሰደው የ18 ዓመት ልጅም፣ ሰው የገደለ ወንጀለኛም ባንድ ከረጢት ገቡ። እጁ በደም የተነከረውን ፍርድ ቤት ይየው፤ ሚዛኑ እዚያ አለ። የቀረው ሰፊው ወታደር ግን የት እንደሚዘምት አልመረጠም።

«የእርስ በርስ ጦርነት ያካሄደ ሠራዊት እንዴት ይከበራል?» የሚሉ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ከእነሱም ጥቂቶቹ ወዳጆቼ ናቸው። ጥያቄያቸውን አልንቀውም፤ የተጎዳ ሰው ጥያቄ ነው። የምመልስላቸው፣ የእያንዳንዱን ጦርነት ትክክለኛነት እንፍረድ አላልኩም ብዬ ነው። ስሙ ይጻፍ፤ የት እንደ ዘመተ፣ የት እንደ ወደቀ ቤተሰቡ ይወቅ ነው ያልኩት። ይህ ለወታደሩም ለታጋዩም ይሠራል። በጥቅምት 2016 በትግራይ ለቤተሰቦች መርዶ ሲነገር፣ ጦርነቱ ከቆመ ዓመት ሊሞላው ነበር። በእኛም በኩል ልጃቸው ይምጣ ይቅር ሳያውቁ በር በሩን የሚያዩ እናቶች አሉ። የእነዚህ እናቶች ለቅሶ አንድ ነው፤ የሟቾቹም ስም የመንግሥትን መውጣትና መውረድ ሳይጠብቅ መጻፍ አለበት።

አርበኞቹስ ቢሆኑ ያለ ትግል አልተከበሩም። በላይ ዘለቀ በጠላት ዘመን አባይ በረሃን አስከብሮ ኖሮ፣ በ1937 በነፃይቱ አገር በአዲስ አበባ ተሰቀለ። ዛሬ በስሙ መንገድና ትምህርት ቤት አለ። ያ ዓይነት ክብር እስኪመጣ የቆሙ ምስክሮች አልቀው ነበር። የካራማራ ዘማቾች አሁን ታናሾቹ እንኳ ወደ 70 ዓመት እየተጠጉ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። በመንግሥት እጅ ያለ የዘማችና የሟች ዝርዝር ሁሉ፣ በየትኛውም ዘመን የተጻፈ ቢሆን፣ ለቤተሰብ ክፍት ይሁን፤ በየወረዳው መዝገብ ተከፍቶ የጎደለው ይሙላበት፤ ግልባጩም ወመዘክር ይቀመጥ። ሁለተኛው ለአንባቢ ነው። በየሣጥኑ የስንብት ወረቀት፣ የጦር መታወቂያ፣ ሜዳልያ፣ ጀርባው ባዶ የሆነ ፎቶግራፍ አለ። የፎቶግራፉ ጀርባ ላይ የማን እንደሆነ ዛሬ ይጻፍ። አጠገባችሁ ያለውን አረጋዊ ክፍለ ጦሩን፣ ሻለቃውን፣ የሠለጠነበትን፣ አጠገቡ የወደቁትን ሰዎች ስም ጠይቁት፤ ጻፉት። ሁሉም መናገር አይወድም፤ አይገደድ። አብዛኛው ግን ጠያቂ አጥቶ ነው ዝም ያለው። መጽሔታችሁም በየእትሙ ለዚህ ግማሽ ገጽ ቢሰጥ ትልቅ ሥራ ይሠራል።

በእኔ በኩል የወንድሜን ሙሉ ስም፣ የክርስትና ስሙን፣ የወጣበትን ገበሬ ማኅበርና የዚያን አንድ ደብዳቤ ግልባጭ አያይዤ ልኬላችኋለሁ። በ1969 ከአምባሰል ተነሥቶ ታጠቅ የሠለጠነ፣ ኋላም በሐረር በኩል የዘመተ ሰው ይህን ካነበበ፣ በዝግጅት ክፍላችሁ በኩል ቢጽፍልኝ ወይም የሚያውቅ ሰው ቢጠቁመኝ፣ እኔ ያለበት ድረስ እሄዳለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣሁ መምህርት፣ ከደሴ