ክትባቱ ከመጋዘን ወደ ጤና ኬላ የሚሄድበት መንገድ

እ.ኤ.አ. በጁን ወር 2025 በብሩክሴል ከተማ መንግሥታትና በጎ አድራጊ ድርጅቶች ተሰብስበው፣ ጋቪ ለተባለው የክትባት ኅብረት ለአምስት ዓመት ሥራ የሚሆን ገንዘብ ለመስጠት ቃል ገብተው ነበር። ኅብረቱ የጠየቀው 11 ነጥብ 9 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር ሲሆን፣ በዚያ ጉባኤ የተገኘው ተስፋ ከ9 ቢሊዮን ጥቂት ያለፈ ብቻ ሆነ። የአሜሪካ የጤና ሚኒስትርም ወደ ጉባኤው በላኩት ንግግር መንግሥታቸው ለኅብረቱ ከእንግዲህ ገንዘብ እንደማይሰጥ አስታወቁ። ይህ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ድሆች አገሮች ክትባት እንዲገዙ ሲረዳ የቆየ ስለ ሆነ፣ የገንዘቡ መጉደል በአፍሪካ ቀንድ ላለ አስተዳዳሪ የሩቅ አገር ወሬ ሊሆን አይችልም።

እንግዲህ ሊመረመር የሚገባው ነገር፣ ገንዘብ ሲያንስ በቅድሚያ የሚጎድለው ከማን ድርሻ ነው የሚለው ነው። እኛ እንደሚመስለን ከከተማው ሕፃን ድርሻ አይጎድልም። በከተማ ያለው ጤና ጣቢያ መብራት አለው፣ እናቲቱም በእግሯ ደርሳ ትመለሳለች። ለገጠሩ ሕፃን ግን ነዳጅ፣ የሠራተኛ ውሎ አበልና የበረዶ ሣጥን ያስፈልጋል። በጀት በተቀነሰ ጊዜ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰረዘው የነዳጅና የውሎ አበል መደብ መሆኑን በመሥሪያ ቤት የዋለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ስለ ክትባት እኩልነት በሚነገርበት ጊዜ ሁሉ የባለጠጎችና የድሆች አገሮች ክርክር ይነሣል። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በማርች 2021 ሕንድ በራሷ ላይ መከራ በጸናባት ጊዜ ክትባት ወደ ውጭ መላክን ስለ ገታች፣ የአፍሪካ አገሮች ለወራት እጃቸውን አጣጥፈው መጠበቃቸው አይዘነጋም። ዳሩ ግን በመንግሥታት መካከል ያለው ልዩነት በዚያው በአንዱ አገር ውስጥም ተደግሞ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2016 በኢትዮጵያ የተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንደሚያስረዳው፣ መሠረታዊ ክትባቶችን ሁሉ ያገኙት ሕፃናት በአገሪቱ በጠቅላላው ከመቶ 39 ሲሆኑ፣ በአዲስ አበባ ከመቶ 89፣ በአፋር ግን ከመቶ 15 ብቻ ነበሩ። ክትባቱ አንድ ነው፣ የገዛውም መንግሥት አንድ ነው። ልዩነቱ የተፈጠረው ዕቃው ከማዕከላዊው መጋዘን ከወጣ በኋላ ነው።

ድህነትን ብቻ ምክንያት አድርጎ ማቅረብም አይበቃም። የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት በየዓመቱ በሚያወጡት ግምት መሠረት፣ በኤርትራ ሦስተኛውን የትክትክ፣ የዘጊ አነዳና የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ያገኙ ሕፃናት ለብዙ ዓመታት ከመቶ 90 በላይ ሆነው ቆይተዋል። ይህች አገር ባለጠጋ አይደለችም፤ የዳንካሊያም ቆላ ለመኪና ለሠራተኛም አይመችም።

ነገሩን ለነጋዴ ማስረዳት ይቀላል። ክትባት ዓሣን የሚመስል ሸቀጥ ነው። ከምጽዋ ዓሣ በበረዶ አሽጎ ወደ ደጋ የላከ ነጋዴ፣ ትርፉና ኪሣራው የሚቆረጠው ዕቃው በተጫነበት ሰዓት ሳይሆን በመንገድ ባለፉት ሰዓቶች መሆኑን ያውቃል። ከክትባቶች የሚበዙት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት አለባቸው። ሙቀት ያበላሻቸዋል፤ አንዳንዶቹን ደግሞ፣ የመንጋጋ ቆልፉን ጭምር፣ ውርጭ ያበላሻቸዋል። ስለዚህ በረዶውን አብዝቶ የጫነ ትጉህ ሠራተኛ፣ በረዶ እንደ ጎደለበት ሰነፍ ሠራተኛ ያህል ሊያጠፋ ይችላል። በብልቃጡ ላይ ሙቀት ሲያገኘው እየጠቆረ የሚሄድ ትንሽ አራት ማዕዘን ምልክት ተለጥፏል፤ ይህ ምልክት የሙቀቱን ታሪክ ይናገራል እንጂ ስለ ውርጩ አንዳች አይናገርም። በፀሐይ ኃይል የሚሠራው ማቀዝቀዣ መብራት በሌለበት ቀበሌ ትልቅ መፍትሔ ሆኗል። ሆኖም ማቀዝቀዣው የሚበረክተው የሚጠግነው ሰውና መለዋወጫ ዕቃ በአቅራቢያው ሲገኝ ነው፤ በዚህ ረገድ የዕቃ አስመጪዎች ድርሻ ትንሽ አይደለም።

አሁን ደግሞ ከበረዶው ይልቅ ብዙ ሕፃናትን ያለ ክትባት ስለሚያስቀረው ስለ አንድ ብልቃጥ ነገር እንናገር። የኩፍኝ ክትባት በድሆች አገሮች ዘወትር የሚቀርበው ለአሥር ሕፃናት በሚበቃ ብልቃጥ ነው። ዱቄቱ በውኃው ከተበጠበጠ በኋላ ከስድስት ሰዓት በላይ ሊቆይ አይችልም፤ የተረፈው ይደፋል። እንግዲህ አንዲት እናት ልጇን በጀርባዋ አዝላ የሦስት ሰዓት መንገድ ተጉዛ ብትመጣ፣ በዚያ ዕለትም ሌላ ሕፃን ባይኖር፣ ሠራተኛዋ ምን ታድርግ? ብልቃጡን ብትከፍት ዘጠኙ ድርሻ ይደፋል፤ በወር መጨረሻ በሚቀርበው ሒሳብም ላይ «ብክነት» ተብሎ በስሟ ይጻፋል። ባትከፍት ግን በመዝገቡ ላይ አንዳች ነገር አይታይም። «ሰው ሲበዛ በሚቀጥለው ሳምንት ተመለሺ» ትላታለች። እናቲቱ ብትመለስ መልካም፤ ባትመለስም የሚጠየቅ ሰው የለም።

የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ለአንድ ሕፃንም ቢሆን ብልቃጡ ይከፈት የሚል ነው። የአንዱ ድርሻ ዋጋ ከአንድ የአሜሪካ ዶላር በታች ስለ ሆነ፣ የዘጠኙ መደፋት የሚያመጣው ኪሣራ በአንዲት መንደር ኩፍኝ ቢገባ ከሚደርሰው ጥፋት ጋር የሚወዳደር አይደለም። ዳሩ ግን ምክሩን የሰማ አለቃ ሁሉ በሒሳብ መጠየቂያው ላይ የተደፋውን ብቻ እየቈጠረ፣ ሳይከተብ የተመለሰውን ሕፃን የማይቈጥር ከሆነ፣ ሠራተኛዋ ብልቃጡን ባትከፍት አይፈረድባትም። የሚፈረደው ቅጹን ባዘጋጀው ላይ ነው። በእኛ አስተያየት፣ አንድ የወረዳ አስተዳዳሪ አንዲት ሳንቲም ሳያወጣ ሊያደርገው የሚችለው ትልቁ ማሻሻል ይኸው ነው፤ በቅጹ ላይ «ሳይከተቡ የተመለሱ» የሚል አንድ ዓምድ ማስጨመር።

የመድረስ ነገር በመንገድ ርቀት ብቻ አይለካም። ስለ ፈንጣጣ መጥፋት የተጻፈው ታሪክ ለዚህ ምስክር ይሆናል። ይህ በሽታ በኢትዮጵያ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1976 በኦጋዴን በረሓ ነው። በዓለም ላይ በተፈጥሮ መንገድ የመጨረሻ ሆኖ የያዘው ሰው ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1977 በሶማሊያ በመርካ ከተማ የነበረው ዓሊ ማው ማሊን ነው። ይህ ሰው ከክትባት ርቆ የኖረ ዘላን አልነበረም፤ የሆስፒታል ወጥ ቤት ነበረ! መርፌው ያማል ብሎ ስለ ፈራ ክትባቱ ሳይደርሰው ቀርቶ ሳለ፣ በሽተኞችን ለጫነች መኪና መንገድ ሲያሳይ በሽታው ያዘው። ዳነ፤ በኋላም የራሱን ታሪክ እየተናገረ እናቶች ልጆቻቸውን ከልጅነት ልምሻ እንዲያስከትቡ ሲመክር ኖረ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የሞተውም በዚሁ ሥራ ላይ ሳለ በወባ ነው።

በዚያው በ2013 ዓመት የልጅነት ልምሻ በሶማሊያ ተነሥቶ ወደ ኬንያና ወደ ኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ተሻገረ። በሶማሊያ ብቻ ከ190 በላይ ሰዎች ታመሙ። በጦርነት ምክንያት ከታቢዎች ለዓመታት ሳይደርሱባቸው የቀሩ አገሮች በመኖራቸው የተነሣ ነው። ግመሉን ይዞ ውኃና ሣር የሚከተል ሕዝብ በየትኛው ወረዳ መዝገብ ይጻፍ? ሁለቱም ወረዳዎች የጎረቤቴ ነው ሲሉ፣ የሚላከው ክትባት በተጻፈው ሕዝብ ቍጥር ልክ ስለ ሆነ፣ ለዘላኑ ሕፃን የሚሆን ብልቃጥ ከመጀመሪያውም አይጫንም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ለ2023 ባወጣው ግምት፣ በኢትዮጵያ አንድ ጊዜ እንኳ መርፌ ያልደረሳቸው ሕፃናት ከ900 ሺህ በላይ ነበሩ።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመረችው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ለዚህ ጉዳይ ጥሩ መሠረት ጥሏል። ለአንድ ቀበሌ፣ ማለት ለ5,000 ያህል ሕዝብ፣ ከዚያው አካባቢ የተመረጡ ሁለት ደመወዝተኛ ሴቶች በጤና ኬላ ይመደባሉ። ቋንቋውን ያውቃሉ፣ ማን እንደ ወለደች ይሰማሉ። ነገር ግን ቀበሌ ማለት ባለበት የሚቀመጥ ሕዝብ ማለት ነው፤ ቀበሌው ራሱ ከመንጋው ጋር በሚነሣበት አገር ጤና ኬላው ባዶ ግድግዳ ሆኖ ይቀራል። በዚያ አገር የማይነቃነቀው ነገር ገበያው ነው። ዘላኑ ጨው ሊገዛ፣ ፍየል ሊሸጥ የሚመጣበት ቀን የታወቀ ነው፤ ከነጋዴውም በቀር ማን ከወዴት እንደ መጣ የሚያውቅ የለም። የክትባት ቀን በመሥሪያ ቤት የቀን መቍጠሪያ መሆኑ ቀርቶ በገበያ ቀን ቢውል፣ ለበረዶው ሣጥን የሚሆን ጥላም ከአንድ ሱቅ በረንዳ ቢገኝ፣ የአሥሩ ብልቃጥ ችግርም በዚያው ይቃለል ነበር፤ በገበያ ቀን አሥር ሕፃን አይጠፋምና።

በብሩክሴል የጎደለው ገንዘብ በየአገሩ በጀት ላይ መታየቱ አይቀርም። ጉድለቱ ከከታቢዋ ነዳጅ ላይ ይነሣ ወይስ በከተማ ከሚደረገው ስብሰባና ከአዳራሽ ኪራይ ላይ፣ ይህን የሚቈርጡት በየወረዳው የበጀት ወረቀት ላይ የሚፈርሙት ሰዎች ናቸው።