የሜዳ ፈቃድ ሲሰጥ ዳኛውም ይታሰብ

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2018 መጨረሻ መከላከያና ወልዋሎ ዓዲግራት ዩኒቨርሲቲ በኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ሲጋጠሙ፣ ዳኛው በግብ ውሳኔ ምክንያት ሜዳ ውስጥ ተሳድዶ ጥቃት ደረሰበት። ፌዴሬሽኑም ሊጉን አቋረጠ። እዚያ ቢያንስ ካሜራ፣ ሪፖርት የሚቀበልና የሚቀጣ አካል ነበረ። በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ የሕዝብ ሜዳዎች እሑድ እሑድ የማኅበረሰቡን ግጥሚያ የሚመራው አማተር ዳኛ ብዙ ጊዜ ከእነዚህ አንዱም የለውም።

ይህ ዳኛ ሳምንቱን ታክሲ ሲነዳ ወይም በሌሊት ተረኝነት ሲሠራ የሚሰነብት ሰው ነው። የሚሰድበውን ሰው በስም ያውቀዋል፤ በቤተ ክርስቲያን፣ በልቅሶ ቤት ወይም በልጆች ልደት ላይ ያገኘዋል። ስድቡ በአማርኛ ስለሆነ የፓርኩ ሠራተኛ አጠገባቸው ቢቆም እንኳ አንዲት ቃል አይገባውም። ከእናት ስድብ አልፎ ወደ ብሔር የሚዞረው ዘለፋ ደግሞ ከአገር ቤት ፖለቲካ ጋር ተደርቦ ከሜዳው ውጪም ይከተለዋል።

ማኅበረሰቡ ለዚህ ያለው መድኃኒት ሽምግልና ነው። ሊናቅ አይገባም፤ ብዙ ሰዎችን ከክስና ከቂም ያዳነ ባህል ነው። ችግሩ ሰዎችን ያስታርቃል እንጂ መዝገብ አያስቀርም። ዳኛው ለሽማግሌዎቹ ክብር ሲል ይቅር ይላል፤ ተሳዳቢው በሚቀጥለው እሑድ ከነማልያው ይመጣል። በሦስተኛው ጊዜ ዳኛው ራሱ ይቀራል፤ ለምን እንደቀረም የሚጠይቀው የለም።

ሕግ የለም ማለት አይደለም። በዩናይትድ ስቴትስ እግር ኳስ ፌዴሬሽን የቀድሞ ደንብ እንኳ ዳኛን የመታ ሰው ቢያንስ ለ6 ወር፣ ዳኛው 17 ዓመት ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ለ3 ዓመት ይታገድ ነበር፤ ከማርች 2025 ወዲህ የተሻሻለ ደንብ ሥራ ላይ ውሏል። ደንቡ የሚደርሰው ግን በፌዴሬሽኑ ሥር እስከ ተመዘገበው ውድድር ድረስ ብቻ ነው። ቨርጂኒያም በ2024 ባወጣችው ሕግ፣ የስፖርት ዳኛን በመደብደብ የተፈረደበት ሰው ከሌላው ቅጣት በተጨማሪ ከአዘጋጁ ውድድሮች ቢያንስ ለ6 ወር እንዲርቅ ደንግጋለች። የአማተር ውድድርን በተመለከተ ሕጉ የሚጠቅሰው የመንግሥት አካልን ወይም ለትርፍ ያልቆመ የግል ድርጅትን ነው። በስልክ ተጠራርተው፣ ገንዘብ አዋጥተው ሜዳ የሚከራዩ ወዳጆች እንዲህ ያለ ድርጅት ናቸው ወይ? መልሱ ለዳኛው ላይበጀው ይችላል። በሜሪላንድ በኩል ደግሞ ዳኛን መምታት፣ ማንንም እንደ መምታት ሁሉ፣ በሁለተኛ ደረጃ ጥቃት ያስከስሳል። እነዚህ የወንጀል ሕጎች የሚናገሩት ስለ ድብደባ ነው፤ ዳኞችን ከሜዳ የሚያሸሻቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ስድብና ዛቻ ነው።

ስለዚህ አዲስ ወንጀል ከመደንገግ ይልቅ የሜዳ ፈቃድን መጠቀም ይሻላል። በሞንትጎመሪ ካውንቲ የሕዝብ መገልገያዎችን የሚያከራየው ቢሮና በአሌክሳንድሪያ የከተማው የመዝናኛና ፓርኮች መምሪያ፣ ፈቃድ ጠያቂው ኃላፊ ሰው እንዲሰይም፣ የእገዳ ደንብ በጽሑፍ እንዲያቀርብ፣ የዳኛው ሪፖርትም ለአዘጋጁ ብቻ ሳይሆን ለቢሮው እንዲደርስ ማስገደድ ይችላሉ። አዘጋጁ ብዙ ጊዜ የአንዱ ቡድን ሰው ነውና የመጨረሻው ነጥብ ዋነኛው ነው። ሁለቱም አስተዳደሮች ለነዋሪዎች በአማርኛ መረጃ ስለሚያቀርቡ፣ የሪፖርቱ ቅጽ በአማርኛ መሆኑ እንግዳ ነገር አይሆንም።

ትንንሽ ቡድኖች ወረቀት ይበዛብናል ማለታቸው አይቀርም፤ እውነት አላቸው። ቅጹ ከአንድ ገጽ መብለጥ የለበትም። ቅጣቱም አስቀድሞ በአጥፊው ግለሰብ ላይ መውደቅ አለበት፤ ሜዳውን መንጠቅ ምንም ያላጠፉትን ሃያ ሰዎች መቅጣት ይሆናል።

አንድ ቀዳዳ ግን ይቀራል። ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ የታገደ ተጫዋች በሳምንቱ ፖቶማክን ተሻግሮ አሌክሳንድሪያ ላይ መሰለፍ ይችላል። ይህን የካውንቲ ቢሮ ብቻውን አይደፍነውም። ከ1984 ጀምሮ ቡድኖችን የሚያሰባስበው የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ፣ አባል ቡድኖቹ የታገዱ ተጫዋቾችን ዝርዝር እንዲለዋወጡና በጁላይ ውድድሩም እንዳያሰልፏቸው ቢጠይቅ፣ ለዚህ የማንም ምክር ቤት ድምፅ አያስፈልገውም።