ሥዕልን በጽሑፍ ማዘዝ

አንድ የሠርግ ፎቶ አንሺ ቅዳሜና እሁድ ሲሯሯጥ ሰንብቶ ሰኞ ጠዋት 1400 ፎቶ ይዞ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ እንበል። የሙሽራዋ ዘመዶች በቴሌግራም የሚላክ ቀለል ያለ ቅጂ ይፈልጋሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ፎቶ ማነስ አለበት፤ ግርጌው ላይ ደግሞ የስቱዲዮው ምልክት መግባት አለበት። አንዱን ፎቶ ከፍቶ፣ አሳንሶ፣ ምልክቱን ለጥፎና አስቀምጦ ለመዝጋት አንድ ደቂቃ ብቻ ቢፈጅበት እንኳ ሥራው 23 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው። የሙያ ባልደረባው ግን ተርሚናል የሚባለውን ጥቁር መስኮት ይከፍታል፣ አንድ መስመር ይጽፋል፣ ከዚያ ቡናውን ሊጠጣ ይወጣል።

ያ መስመር የተጻፈለት ፕሮግራም ኢሜጅማጂክ ይባላል። በነጻ ይገኛል፤ ከ200 በላይ የምስል ፎርማቶችን ያውቃል። በአብዛኛው የሚጫን ቁልፍም ሆነ የሚጎተት ነገር የለውም፤ የሚሠራው በጽሑፍ ሲታዘዝ ነው። ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን አሠራር ማውስ ከመፈጠሩ በፊት ከነበረው ዘመን የቀረ ኋላቀርነት አድርጎ ያየዋል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ትእዛዙ ጽሑፍ መሆኑ የፕሮግራሙ ዋና ጉልበት ነው። ከዚያም አልፎ፣ በታሪኩ የደረሰበት ትልቁ ውርደት የመጣው ከዚሁ ጉልበት ነው።

አጀማመሩ የውለታ ታሪክ ነው። በ1987 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጆን ክሪስቲ በአሜሪካው የኬሚካል ኩባንያ በዱፖንት ይሠራ ነበር። አለቃው ዴቪድ ፔንሳክ አንድ ችግር ሰጠው። ምስሎቹ እስከ 16.7 ሚሊዮን ቀለም ይይዛሉ፤ የጊዜው ስክሪን ግን በአንድ ጊዜ ማሳየት የሚችለው 256ቱን ብቻ ነው። ክሪስቲ ችግሩን ዩዝኔት በሚባለው የዘመኑ የመወያያ መረብ ላይ ጣለው። ፖል ራቭሊንግ የሚባል የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያ መልስ ሰጠው፤ መልሱ ብቻ ሳይሆን የመፍትሔው ኮድም ማንም ሊወስደው በሚችል ቦታ ተቀምጦ ነበር። ክሪስቲ በቀጣዮቹ ዓመታትም ከዚያው መረብ ብዙ እርዳታ አገኘ። በኋላ የተጠራቀመውን ውለታ ለመመለስ የራሱን መሣሪያዎች ለሁሉም ክፍት ማድረግ ፈለገ። ፔንሳክ የኩባንያውን ኃላፊዎች አሳመነ። ነሐሴ 1 ቀን 1990 ኢሜጅማጂክ ወጣ። የቀለምና የናይለን ኩባንያ የሶፍትዌር ምጽዋት ሲሰጥ በየቀኑ አይታይም።

እንግዲህ ትእዛዝ ሲጻፍ ምን ይለወጣል? በማውስ የተሠራ ሥራ ሲያልቅ የሠራው እጅ ብቻ ያስታውሰዋል። የተጻፈ ትእዛዝ ግን ይቀመጣል፣ ለሌላ ሰው ይላካል፣ ይታረማል፣ ከዓመት በኋላም ቃል በቃል ይደገማል። በኢሜጅማጂክ ትእዛዝ ውስጥ ደግሞ ቅደም ተከተል ሕግ ነው፤ ከግራ ወደ ቀኝ እንደተጻፈው ይፈጸማል። አሳንሶ ማጥራትና አጥርቶ ማሳነስ ሁለት የተለያዩ ሥዕሎችን ይሰጣሉ። ወጥ የሠራ ሰው ይህ አይጠፋውም፤ ሽንኩርቱ ሳይቁላላ በርበሬው ከገባ ያው ሽንኩርት፣ ያው በርበሬ ሆኖ ሳለ ወጡ ሌላ ነው።

ሰው የሌለበት ቦታ ላይ ደግሞ ጽሑፍ ብቸኛው መንገድ ነው። ውክፔዲያ ላይ ለሚታዩት ትናንሽ ሥዕሎች ቁጭ ብሎ የሚያሳንስ ሠራተኛ የለም። ዎርድፕረስ ከ2012 ጀምሮ፣ ሰርቨሩ ላይ ካገኘው፣ የሚጫኑለትን ፎቶዎች በተለያየ መጠን የሚያዘጋጀው በኢሜጅማጂክ ነው። አንድ ባለ ብሎግ የእናቱን ፎቶ ሲለጥፍ ስሙን ሰምቶት የማያውቀው ፕሮግራም ከጀርባ ተነሥቶ ይሠራና ተመልሶ ይተኛል።

ለአማርኛ ተጠቃሚ የሚጠቅም አንድ ምሳሌ የምስክር ወረቀት ነው። 300 ተማሪ የሚያስመርቅ ተቋም ስሞቹን በአንድ የጽሑፍ ፋይል፣ በየመስመሩ አንድ አንድ አድርጎ ቢያስቀምጥ አጭር ትእዛዝ እያንዳንዱን ስም በተዘጋጀው ወረቀት ላይ ይጽፈዋል። ፊደላችን እዚህ ላይ ዕድለኛ ነው። እንደ ዐረብኛ ፊደሎቹ እየተያያዙ ቅርጽ አይቀይሩም፤ ከግራ ወደ ቀኝ እየተደረደሩ ይሄዳሉ፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ የተለየ ብልሃት አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው የግዕዝ ፊደል ያለበት ፎንት በስም እንዲጠራለት ነው፤ አቢሲኒካም ሆነ ኖቶ ይሆናል። ፎንቱ ካልተጠራ በስም ቦታ ባዶ ሳጥኖች ሊደረደሩ ይችላሉ። የከፋው ደግሞ ዝርዝሩ በድሮዎቹ፣ ከዩኒኮድ ውጪ በሆኑት የአማርኛ ፎንቶች የተተየበ እንደሆነ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። በቀድሞው ዘዴ የተጻፈ «አበበ» ስክሪን ላይ አበበ ቢመስልም ፋይሉ ውስጥ ያለው የላቲን ፊደልና ምልክት ቅልቅል ነው፤ ምስክር ወረቀቱ ላይ የሚታተመውም እሱ ነው።

ፕሮግራሙ የተባለውን ያደርጋል፤ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ አይጠይቅም። ሞግሪፋይ የሚባለው ትእዛዙ ብዙ ፋይሎችን በአንዴ ሲቀይር፣ ውጤቱ ሌላ ቦታ እንዲቀመጥ ካልተነገረው ዋናዎቹን ፋይሎች ይተካቸዋል። የፎቶ አንሺያችን 1400 ፎቶዎች በጥቂት ደቂቃ ለስልክ ስክሪን ብቻ የሚሆኑ ሊሆኑ ይችላሉ፤ መመለሻም የለም።

ይህ ግን ተራ ጥንቃቄ ነው። ከባዱ የመጣው በግንቦት 2016 ነው። ኢሜጅማጂክ ሁሉንም ፎርማት ራሱ አይፈታም፤ የማይችለውን ለሌሎች ፕሮግራሞች ይሰጣል። ሲሰጥም ትእዛዝ ይጽፍላቸዋል፤ በትእዛዙ ውስጥ ተጠቃሚው ያመጣውን አድራሻ ይሰካል። ሥዕልን በቃላት የሚገልጹ ፎርማቶች ደግሞ አሉ፤ በውስጣቸው የድረ ገጽ አድራሻ ሊጻፍ ይችላል። ተንኮለኛ ሰው አድራሻውን በጥቅስ ምልክት ዘግቶ ቀጥሎ የራሱን ትእዛዝ ቢጽፍ ሰርቨሩ ሁለቱንም ይፈጽማል። ፋይሉን ጄፔግ ብሎ መሰየም እንኳ አያስጥልም ነበር፤ ፕሮግራሙ የፋይልን ዓይነት ከስሙ ይልቅ ከይዘቱ ይለያልና። ቀዳዳው ኢሜጅትራጂክ የሚል ስም ወጣለት። በሌላ አነጋገር፣ የመገለጫ ፎቶ ነው ተብሎ የተጫነ ፋይል ሰርቨሩን ሊያዝ ይችል ነበር። ጽሑፍ ሥራ በሚሆንበት ቤት የእንግዳውም ጽሑፍ ሥራ ሆነ።

ጉዳዩ በይፋ ከወጣ ከአምስት ወር በኋላ አንድ ተመራማሪ ያው ቀዳዳ ፌስቡክ ላይ እንዳልተደፈነ አገኘ፤ ኩባንያውም 40,000 ዶላር ሸለመው። በ2017 ደግሞ ክሪስ ኢቫንስ የተባለ የደኅንነት ባለሙያ 18 ባይት ብቻ በሆነች ፋይል ከያሁ ሜይል ሰርቨር የሌሎች ሰዎች ሥዕል ቁርጥራጭ ሊወጣ እንደሚችል አሳየ። ያሁ ኢሜጅማጂክን ጠቅልሎ አወጣው። የሚያስገርመው፣ በ2002 ከኢሜጅማጂክ ተገንጥሎ የወጣው ግራፊክስማጂክ ይህንኑ ስሕተት ከአንድ ዓመት በፊት አርሞት ነበር። ሁለቱም ኮዳቸው ለማንም ክፍት ነው፤ የአንዱ እርማት ወደ ሌላው ለመሻገር ግን የሚያነብ ሰው ይፈልጋል። ነጻ ሶፍትዌር «ሁሉም ስለሚያየው አስተማማኝ ነው» የሚለው አባባል እዚህ ጋ ይሰነጠቃል፤ ማየት መቻልና ማየት ለየቅል ናቸው።

መድኃኒቱም ጽሑፍ ነው። ፕሮግራሙ የትኛውን ፎርማት ማንበብ፣ ስንት ማኅደረ ትውስታ መውሰድ፣ ማንን መጥራት እንደሚፈቀድለት የሚዘረዝር የፖሊሲ ፋይል አለው። በ2018 ኢሜጅማጂክ ፒዲኤፍ ለመክፈት በሚጠራው ጎስትስክሪፕት ላይ ቀዳዳዎች ሲገኙ ኡቡንቱ በዚሁ ፋይል ፒዲኤፍን ዘጋ። ከዚያ ወዲህ ኡቡንቱ ላይ ፒዲኤፍ ወደ ሥዕል ለመቀየር የሞከረ ብዙ ሰው «የደኅንነት ፖሊሲው አይፈቅድም» የሚል መልስ ገጥሞታል። አብዛኛው ሰው መልእክቱን ኢንተርኔት ላይ ይፈልጋል፣ ክልከላውን የሚያነሣ አንድ መስመር ያገኛል፣ ምን እንደሚል ሳያነብ ተርሚናሉ ላይ ይለጥፈውና የመግቢያ ቁልፉን ይጫናል።